በኩራት የተወሰደው ኮምፒውተሬ

ባለፈው ጥር ለአክስቴ ልጅ ሠርግ እንጅባራ ሄጄ፣ ልጅ ሆኜ እሰበሰብበት በነበረው የጉባኤያችን የጸሎት አዳራሽ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረው የድምፅ ዕቃ ብዙ ሰዓት ስለሠራ ግሎ አቧራው መሽተት ጀመረ። የጋለ አቧራ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ አሮጌ ካርቶን እሳት አጠገብ ሲሞቅ እንደሚሸተው ነው። ሙሽሮቹ ቃል ኪዳን ይገባሉ፣ እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ። ጎኔ ያለችው ሴት የማለቅስ መስሏት ሶፍት አቀበለችኝ። አላለቀስኩም። ተናድጄ ነው። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ የተናደድኩት ንዴት ሳይጎድል መጥቶ ነው።

ስለዚህ እጽፈዋለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። የጉባኤያችን ሽማግሌ የነበረውን ጋሽ ቶማስን በልጅነቴ ሙሉ "እርስዎ" እያልኩ ነው ያደግኩት። እዚህ ግን "እሱ" ነው የምለው። እናቴ ካነበበች ትቆጣለች። ትቆጣ።

ነገሩ የጀመረው ከጌም ቤት ነው። ያኔ መናኸሪያው አካባቢ ወንዶች ልጆች ተርታ ቁጭ ብለው በየተራ የሚጫወቱበት አንድ ጠባብ ክፍል ነበረ። በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቄ የመኪና ውድድር አየሁ። ቀይ መኪና በዝናብ ውስጥ እየተንሸራተተች ትታጠፋለች። እንጅባራ ውስጥ ዝናብ ብርቅ አይደለም፤ እንደዚያ የሚያምር ዝናብ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ብሬን ጨብጬ ገባሁ። ባለቤቱ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣

"አንች ልጅት፣ ምን ፈልገሽ ነው?" አለኝ።

"ልጫወት።"

"ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች? ሂጅ እናትሽን አግዥ።"

"በብሬ ነው እኮ።"

"ብርሽን ብስኩት ግዥበት።"

ልጆቹ ሳቁ። አንዱማ የክፍሌ ልጅ ነበር፤ የሒሳብ የቤት ሥራ ከኔ የሚገለብጥ። ብሬን ይዤ ወጣሁ፤ ብስኩትም አልገዛሁበትም። የራሴ ይኖረኛል አልኩ። የምጫወትበትን ዕቃ እኔው እገዛለሁ፣ ማንም "ተራሽ አይደለም" የማይለኝን።

እናቴ በዚያው መንገድ ወረድ ብሎ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበራት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ለብርዱ ሹራብ ትጠግናለች። አባቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሞተ ቤታችን እኔና እሷ ብቻ ነን። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን ጋሽ ይኸነው ደግሞ ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን የሚጠግን ቀጭን ሰው ነበር፤ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት መፍቻ አለ። ሱቁ ጣሪያ ድረስ ከየቦታው የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ተቆልሎበታል።

"ጋሽ ይኸነው፣ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ስንት ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"የተገጣጠመ ከሆነ እናትሽ የስፌት መኪናዋን ብትሸጥም አይበቃም። ክፍል ክፍሉን እየለቀምሽ ከሆነ ግን፣" አለና ቁልሉን በዓይኑ ለካው፣ "ሁለት ሺህ ብር ይዘሽ ነይ። የቀረውን አብረን እንሟገታለን።"

እሱ እየነገረኝ ከሒሳብ ደብተሬ ኋላ ገጽ ላይ ዝርዝሩን በእርሳስ ጻፍኩ። ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ሃርድ ዲስክ፣ ፓወር ሳፕላይ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ኬዝ። ሰባቱንም እንደ ሰው ነበር የማስባቸው። ማዘርቦርድ ሲለኝ "ማዘር" እናት ማለት እንደሆነ ስለማውቅ፣ ሌሎቹ ሁሉ አንድ ነገር ከመሥራታቸው በፊት እሷን የሚያስፈቅዱ መሰለኝ። ራም ሲለኝ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ራማን አሰብኩ፤ ራሔል ስለ ልጆቿ የምታለቅስባትን። ስለዚህ ራም ማለት ኮምፒውተሩ የሚያዝንበት ክፍል ነው ብዬ ብዙ ሳምንት ቆየሁ። ጋሽ ይኸነው ሲሰማ ሳቀና "አልተሳሳትሽም፣ ያነሰ እንደሆነ ሁሉም ነገር ያለቅሳል" አለኝ።

ብሩን ያገኘሁት ከአፈር ነው። በነዚያ ዓመታት የኛ አገር ገበሬ ሁሉ ማሳው ላይ ዲከረንስ ይተክል ነበር፤ ቶሎ የሚያድግ፣ ለከሰል የሚሆን ዛፍ። ለዚያ ሁሉ ችግኝ በአፈር የሚሞላ ትንንሽ ፕላስቲክ ያስፈልጋል፤ ፕላስቲክ ለመሙላት ደግሞ የልጅ ጣት የሚያህል የለም። ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ አያ አለኸኝ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ችግኝ ጣቢያ ነበራቸው። ከየካቲት እስከ ግንቦት በየቅዳሜው፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ በየቀኑ ሄድኩ። እስከ መገንጠያው በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ ከላሞች ኋላ በእግር።

አፈሩ ተነፍቶ፣ ከፍግና ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ይቆለላል። በተቆረጠ ጣሳ እየዛቅን እንሞላለን፣ ታቹን ጠቅ ጠቅ እናደርጋለን፣ እንደረድራለን፤ የሚከፈለን በሞላነው ቁጥር ነው። ጠዋት አፈሩ በረዶ ነው። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር በእሑድ ሳሙናም አይለቅም ነበር፤ እናቴ እጄን ነጠላዬ ሥር እንድደብቅ ትነግረኝ ነበር።

አያ አለኸኝ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ሲቆጥሩ ግን በአውንጊ ነው። ይህ አናደደኝ። እንዳንገባበት ነው፣ ሊሰርቁን ነው አልኩ። ስለዚህ ሥራዬን እየሠራሁ ጆሮዬን ከፍቼ ቁጥሩን አጠናሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጨርሼ አወቅሁትና ከሳቸው ጋር በልቤ ቆጠርኩ። መቶ ከአራት የሞላሁትን መቶ ከዐሥር አሉልኝ። የሚቀጥለውም ልጅ ላይ እንደዚያው። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣

"አንዳንዱን ዶሮ ይገለብጠዋል፣ ዶሮው የኔ ነው። ከእናንተ ሒሳብ ይቀነሳል እንዴ?" አሉኝ።

አፈርኩ። በዚያ ዓመት ከትልቅ ሰው ጋር ባለኝ ሒሳብ ያፈርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማፈር የነበረበት በወዲያኛው በኩል ነው።

አንድ ቀን ዝናብ አስጠልሎን ብሩን ምን እንደማደርግበት ጠየቁኝ። ኮምፒውተር ስላቸው የትምህርት ቤት ዕቃ መሰላቸው። ክፍል ክፍሉን እየመረጥኩ እንደምገጥመው ስነግራቸው ግን ዓይናቸው በራ።

"እንደ ሞፈር ቀንበር ነዋ! ማረሻው ከአንዱ፣ ድግሩ ከአንዱ፣ እርፉን ራስሽ ትጠርቢያለሽ። እህሳ፣ የከበደሽ ምኑ ነው?"

"ግራፊክስ ካርድ ነው አያ። እሱ ጠንካራ ካልሆነ መኪናዋ አትሮጥም።"

"የሚጎትተውስ ማን ነው?"

አሰብኩ። "ፓወር ሳፕላይ። መብራቱን የሚያድለው።"

"እንግዲያ ሞኝ አትሁኝ። ለደካማ በሬ ትልቅ ማረሻ የሚያስር ሰው አይቸ አውቃለሁ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን አጣ። መጀመሪያ በሬሽን ግዥ።"

ይህን ለጋሽ ይኸነው ስነግረው መፍቻውን አስቀመጠ። "እኔ አሥር ዓመት የሠራሁበትን ነገር..." ብሎ ተወው።

ሐምሌ ሲገባ ሁለት ሺሁ ሞላ፤ መርጦ መግዛት የሚሉት ጣጣ ያን ጊዜ መጣ። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ከቁልሉ ውስጥ ተገኙ። ሃርድ ዲስኩ ሲሠራ ይንቋቋል፣ ስለዚህ ረከሰልኝ። ሞኒተሩ እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱ የገፋው የድሮው ዓይነት ነው፤ "ውሰጅልኝ፣ ቦታ ያዘብኝ" አለኝ። ራሙን ሁለት ጊጋ አደረግነው። ለቀሩት ሦስት ግን፣ ለካርዱ፣ ለፓወር ሳፕላዩና ለኬዙ፣ ብሩ ለሁለቱ ብቻ ይበቃል።

ጋሽ ይኸነው ለሥራ ባሕር ዳር ሄዶ ከገበያው መሃል በናቴ ስልክ ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ሱቁ ደጃፍ ዝናብ ላይ ቆሜ ነው የምሰማው።

"ሁለት ካርድ አለ! ባለ ሁለት ጊጋው ማራገቢያ የለውም። ባለ አንድ ጊጋው አለው። ዋጋቸው እኩል ነው። የትኛውን?"

ሁለት ከአንድ ይበልጣል፤ ሰባተኛ ክፍል ይህን ለማወቅ አያስፈልግም። "ሁለት" ልል ስል ትዝ አለኝ። "የትኛው ነው ሳይደክም የሚውለው?"

"ማራገቢያ ያለው። ሁለት ጊጋው ስም ነው!"

"እንግዲያ አንዱን!" ብዬ ጮኽኩ። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ደህና ፓወር ሳፕላይም ገዛልኝ። ኬዝ ቀረ። ጋሽ ይኸነው "ካርቶን ላይ እንገጥመዋለን" ቢልም አልፈለግሁም፤ ቀርከሃ በሞላበት እንጅባራ እየኖረ በካርቶን የሚገጥም ሰው የለም። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩት ዘንድ ሄጄ የዕቃዎቹን ልክ በክር ለክቼ ሰጠሁ። "የዶሮ ቤት ነው?" አሉኝ። አየር እንዲያገኝ ጎንና ጎኑን ፍርግርግ አደረጉልኝ፣ ክዳኑም በማጠፊያ የሚከፈት። ትኩስ ቀርከሃ ይሸት ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የሚያምር ዕቃ የለኝም።

በነሐሴ መጀመሪያ እናቴ ሱቅ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጋሽ ይኸነው እያየ እኔ ገጠምኩት። ቁልፉን ስጫን አንድ ጊዜ "ጢጥ" አለ። "አንድ ጊዜ ካለ ደህና ነው" አለ ጋሽ ይኸነው፤ እኔ ግን ቀድሜ ዘልዬ ነበር።

ዐሥራ አንድ ቀን ተጫወትኩ። ሌላ የሚቆጠር ደስታ ከዚያ ዓመት አላስታውስም። ቀይዋ መኪና በኔ እጅ ታጠፈች። እናቴ ስፌቷን ትታ ከኋላዬ ትቆምና "ፍሬን ያዥ! ኧረ ፍሬን! ፌቨን፣ ሰው ልትገድይ ነው!" ትላለች። ስጋጭ ዓይኗን ትሸፍናለች። አንድ ቀን ራሷ ሞክራ መኪናዋን ወንዝ ውስጥ ከተተቻትና እስክታስል ሳቀች። እናቴን እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው አንባቢ ኋላ ያደረገችውን ሲሰማ ይህንንም እንዲያስታውስልኝ ነው።

አሁን ስለ ፖስታዎቹ ልናገር። በጉባኤያችን በር ላይ ሦስት ዓይነት ፖስታ ይቀመጣል፤ አንዱ አስራት፣ አንዱ መባ፣ አንዱ በኩራት ይላል። በኩራት ሰው ከድካሙ መጀመሪያ ያገኘውን ለእግዚአብሔር የሚሰጠው ነው፤ የመጀመሪያ ደሞዙን፣ የላሙን የመጀመሪያ ጥጃ። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ማንም አላስረዳኝም፤ እኔም እንደተጻፈው አነበብኩት፤ በኩራት፣ ማለትም ኮራ ብሎ። ሌሎቹ ፖስታዎች ቀስ ብለው ለሚሰጡ፣ ይህኛው ደረቱን ነፍቶ ለሚሰጥ ሰው መሰለኝ። አንድ እሑድ ሃምሳ ሳንቲም በኩራት ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ አንገቴን አቅንቼ፣ መሃል ለመሃል ሄጄ አስገባሁ። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ስመለስ፣

"ምነው እንደዚህ ተጀነንሽ?" አለችኝ።

"በኩራት ስጡ ነው እኮ የሚለው።"

ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ አላረመችኝም። ሳታርመኝ መቅረቷን ያዙልኝ።

ጉባኤው በዚያ ክረምት ግድግዳ ላይ ጽሑፍ የሚያወጣ ፕሮጀክተር በስጦታ አግኝቶ ነበር፤ የሚሰካበት ኮምፒውተር ግን የለም። እናቴ በጸሎት ቡድን "ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ሠራች" ብላ ምስክርነት ሰጠች። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ቶማስ ከሁለት የጉባኤው እህቶች ጋር ሊባርክልን መጣ። ደስ አለኝ፤ ክዳኑን ከፍቼ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ አስተዋወቅሁት። ካርዱ ለሞኒተርም ለፕሮጀክተርም የሚሆን ሁለት መሰኪያ እንዳለው ሳይቀር እኔው ነገርኩት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ከዚያ እጃቸውን ቀርከሃው ላይ ጭነው ጸለዩ። ሲጨርሱ ጋሽ ቶማስ ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየኝና በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣

"ፌቨን፣ ይህ የእጅሽ የመጀመሪያ ፍሬ ነው። ለጌታ በኩራት ነው?" አለኝ።

ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ከመጋረጃ ቀዳዳ እስከዚያች ቀን የሆነው ሁሉ፣ ጥፍሬ፣ አፈሩ፣ ስልኩ፣ ሁሉም ትዝ አለኝ።

"አዎ! በኩራት ነው!" አልኩ።

"ሃሌሉያ!" አለ። እህቶቹ እልል አሉ፣ አንዷ አቀፈችኝና አለቀሰች። ሰው ስለ ኮምፒውተር እንዲህ ሲደሰት ጥሩ ነው አልኩ በልቤ። እናቴን አየኋት። ያልተሰፋ ጨርቅ አንስታ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ ታጥፋለች።

ሰኞ ሁለት የመዘምራን ጎረምሶች በባጃጅ መጥተው ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ። "ወዴት ነው?" አልኩ። "በኩራት ሰጠሽው አይደል? ተባረኪ" አሉኝ። እግራቸው ላይ ተጠመጠምኩ። እናቴ ነች ያላቀቀችኝ። "ተይ ልጄ፣ ተይ፣ ሰው ይሰማል" እያለች። ባጃጁ ኋላ መቀመጫ ላይ ቀርከሃዬ ዝናብ እንዳይነካው አንሶላ ለብሶ ሄደ።

በሳምንቱ ጋሽ ቶማስ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቃሉ ሌላ መስሎኝ ነው። እርስዎ በኩራት ሲሉኝ እኔ ኮርቼ ማለትዎ መሰለኝ" አልኩት። ሙሉውን ሰማኝ። ገባውም፤ ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁ። ከዚያ ፈገግ አለ።

"ልብሽ ሌላ ቢያስብም አፍሽን የከፈተው መንፈስ ነው። ለጌታ የተሰጠ ነገር ደግሞ እንዴት ይመለስ ይባላል? ይልቅ እሑድ እሑድ መጥተሽ ትከፍችልናለሽ፣ አገልግሎት ነው" አለኝና ከረሜላ ሰጠኝ።

እዚህ ላይ ነው አንቱታዬን የነጠቅሁት። ሳይገባው ወስዶ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። ገብቶት ከረሜላ የሚሰጥን ሰው "እሳቸው" ብዬ አልጽፍም። በዚያ ላይ በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ አቁሞ አስጨበጨበልኝ፤ "እንደ ፌቨን" እያለ ለሌሎች ልጆች ሰበከብኝ። አንዲት ልጅ ፈርታ ጫማዋን ያመጣችው በዚያ ስብከት ነው።

ልከፍትላቸው አልሄድኩም። መስከረምም ጥቅምትም እናቴን ከአስፈላጊ ቃል በቀር አላናገርኳትም። "ቡና" ስትል አቀርባለሁ፣ "መርፌ" ስትል አቀብላለሁ። ኮምፒውተሬን በየእሑዱ ከሩቅ አየዋለሁ። እህቶች ውብ ይሁን ብለው ከላይ እስከ ታች ዳንቴል አልብሰውታል። በዚህ አገር ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ዳንቴል ይለብሳል፤ ሰው ዕቃ ማክበሩ እንደዚያ ነው። እኔ ግን ፍርግርጉን ያስጠረብኩት እንዲተነፍስ ነበር። መታፈኑን እያየሁ ዝም አልኩ። ይታፈን ብዬ ነው፣ አልዋሽም።

በኅዳር የመኸር ምስጋና እሑድ ከዳንግላ እንግዶች መጥተው አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መዘምራኑ ቆሙ፣ ኦርጋኑ ጀመረ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው የመዝሙር ግጥም ድርግም ብሎ ጠፋ። ኮምፒውተሩ አጠገብ የተቀመጠው ጎረምሳ ቁልፉን ይጫናል፣ ይጫናል። የጋለ አቧራ እኔ ያለሁበት ድረስ ሸተተኝ። ጋሽ ቶማስ ማይክ ይዞ "አንድ ጊዜ እንቆይ ወገኖች፣ ግጥሙ ይምጣልን" አለ። ኦርጋኑ ቆመ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ መጠበቅ ጀመረ።

"ፌቨን የታለች?"

እናቴ በክርኗ ነካችኝ። "ሂጅ።"

"አልሄድም።"

"ስለ እኔ ስትይ።"

"ስለ አንችማ ፈጽሞ አልሄድም" አልኳት። የሄድኩት ለኮምፒውተሩ ነው፤ ሽታው አሳዘነኝ። ዳንቴሉን ገፍፌ መሬት ላይ ጣልኩት። ክዳኑን ስከፍት የካርዱ ማራገቢያ በጨርቅ ብናኝ ተተብትቧል። በአፌ እፍ አልኩት፣ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት፣ እስኪበርድ ጠበቅሁ፣ ራሙን ነቅዬ መለስኩት። ቁልፉን ተጫንኩ። ጢጥ። ግጥሙ ግድግዳው ላይ ወጣ።

"ጌታ ሠራው!" አለ ጋሽ ቶማስ። "ሃሌሉያ በሉ!"

ሌላ ማይክ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።

"እኔ ነኝ የሠራሁት! ኮምፒውተሩም የኔ ነው! በኩራት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የወሰዳችሁብኝ!"

ጋሽ ቶማስ ቢቆጣኝ ደግ ነበር። ሳቀ። "ልጅ ናት" አለና ራሴን ዳበሰኝ፤ ከዳንግላ የመጡትም፣ የኛዎቹም፣ ሁሉም በፍቅር ሳቁልኝ። ከዚያ መዝሙሩ ተጀመረ። በዚያች ደቂቃ ያንን አዳራሽ በእጄ ማፍረስ ብችል አፈርሰው ነበር።

እናቴ ከመሃል ወንበር ተነስታ ሰዎችን እየገፋች ስትመጣ አየኋት። ልትመታኝ ነው አልኩ። እጄን ያዘችና ወደ በሩ ጎትታ አወጣችኝ። ውጭ ፀሐይ ነበር፣ ሣሩ ላይ የእንግዶቹ ሚኒባስ ቆሟል። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

"አውቄ ነበር" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ቃሉ እንዳልገባሽ። ያን ቀን ሲጠይቅሽ። አውቄ ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

"ሰው ፈራሁ ፌቨን። ከጌታ እጅ ነጠቀች ይሉኛል አልኩ።"

ሦስት ወር ሙሉ ላውቀው የፈለግሁት ይህ ብቻ ነበር፤ ሳውቀው ግን ንዴቴ ቦታ ሳይቀይር እዚያው ቆመ። ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሠረች፤ ትልቅ ልብስ ቆርጣ ልትሰፋ ስትል የምታደርገው ነው።

"ግቢና ንቀይው። በሩን እኔ እይዝልሻለሁ። የሚመጣ ካለ ከኔ ጋር ይነጋገር።"

ገባሁ። እየዘመሩ ነው፣ ከፍ ባለ ድምፅ። ጎረምሳው እጁን ዘርግቶ ያመልካል። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ገመዱን ያዝኩ። ስነቅለው መዝሙሩ ይቆማል፣ ሁሉም ይዞርብኛል፣ ያኔ ደግሞ ማንም አይስቅም ብዬ ተዘጋጀሁ። ሳብኩት።

ግጥሙ ጠፋ፤ ግድግዳው ሰማያዊ ብቻ ሆነ። መዝሙሩ ግን አልቆመም። ቀና ብዬ አየሁ። ጋሽ ቶማስ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘምራል። መዘምራኑ ጨፍነዋል፣ እንግዶቹ ጨፍነዋል፣ እህቶች እንባቸው በተጨፈነ ዓይናቸው ይወርዳል። ሁሉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው ያውቁታል። ግድግዳውን የሚያነብ አንድም ሰው አልነበረም።

ሣጥኑን አቀፍኩና በመሃል መተላለፊያው ወደ በሩ ሄድኩ። ዓይኑን ገልጦ ያየኝ ሰው የለም።